የተመላሾች ደብተር፦ የሥራ ማስታወሻ ከምዕራብ ቲሞር

ነሐሴ 20፣ 2016 ዓ.ም.፣ ሮተርዳም

ሁለቱ ሻንጣዎች ሳሎን መሐል ከተከፈቱ ሁለት ሳምንት አልፏቸዋል፤ ልጄ እየዘለለቻቸው ማለፍ ለምዳለች። ለሕፃናት ሰመመን የሚሰጥ ሰው ጓዙን ሲያሰናዳ እንደ ልብስ ሰፊ ነው፤ ሁሉም ነገር በልክ ነው፣ ልኩም በሚሊሜትር። የመተንፈሻ ቱቦ 3.5፣ 4፣ 4.5። ቱቦው ተራው ዓይነት አይደለም፤ ከአፍ ሲወጣ ወደ አገጭ እንዲታጠፍ ሆኖ የተሠራ ነው። ቀዶ ሐኪሙ የሚሠራው የላይኛው ከንፈር ላይ ስለሆነ ቱቦው ወደ ጎን ከሳበው ከንፈሩ ይንጋደድና ልኬቱ ሁሉ ይፋለሳል። የኦክስጅን መጠን የሚያሳየው መለኪያም እንደዚሁ ነው፤ የአዋቂው ከሕፃን ጣት ላይ ይወልቃል። ስለዚህ በእግር አውራ ጣት ላይ በፕላስተር የሚጠቀለለውን ትንሹን ስምንት ይዣለሁ። መድኃኒት ግን አልይዝም፤ በሙሉ እዚያው ኢንዶኔዥያ፣ ሱራባያ ላይ ይገዛል። በመጀመሪያው ጉዞዬ ይህን ሳልጠይቅ ሄጄ አንድ ካርቶን ሙሉ አየር ማረፊያ ትቼ አልፌያለሁ።

ጅማ ተምሬ እዚህ ሮተርዳም የምሠራ የሰመመን ባለሙያ ነኝ። ከንፈራቸው ወይም ላንቃቸው ተሰንጥቆ የተወለዱ ልጆችን በነፃ ከሚያክም አነስተኛ ቡድን ጋር ወደ ምዕራብ ቲሞር ስሄድ ይህ ሦስተኛዬ ነው። ባለፉት ሁለት ጉዞዎች የያዝኩት ማስታወሻ ቀዶ ሕክምና የተሠራላቸውን ልጆች ብቻ ነበር የቆጠረው። ባለፈው ዓመት በመጨረሻው ቀን ዕቃ ስንጭን፣ ልጇ ስለሳለ የመለስናት አንዲት እናት ደረጃው ላይ ቆማ «መቼ ነው የምትመለሱት?» ብላ ጠየቀች። አስተርጓሚው ወደ እኔ ዞረ፤ እኔ ወደ አስተባባሪው ዞርኩ፤ አስተባባሪው ወደ መኪናው ዞረ።

ዘንድሮ ሰማያዊ ሽፋን ያለው ሌላ ደብተር ገዝቻለሁ። የሚጻፍበት የምንመልሳቸው ልጆች ስም፣ የመለስንበት ምክንያትና የአቅራቢያቸው አዋላጅ ስልክ ነው።

ጳጉሜን 1፣ ዓርብ

ኩፓንግ ኤል ታሪ አየር ማረፊያ የወረድነው ቀትር ላይ ነው። ኩፓንግ የኑሳ ተንጋራ ቲሙር ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ናት፤ ክፍለ ሀገሩ ፍሎሬስን፣ ሱምባን፣ አሎርን፣ ሮቴን፣ የቲሞርን ምዕራባዊ ክፍልና ሌሎች ብዙ ደሴቶችን ይይዛል። ከ17,000 በላይ ደሴት ባላት አገር የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪሞች አብዛኞቹ የሚኖሩት ጃቫ ላይ ነው። እኛንም የሚያመጣን ይኸው ነው።

ድሃው መክፈያ ስለሌለው ብቻ አይደለም ሳይታከም የሚቀረው። ከጥር 2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ብሔራዊ የጤና መድን አለ፤ የድሃውን መዋጮ መንግሥት ይከፍላል፣ ይህ ቀዶ ሕክምናም በመድኑ ይሸፈናል። ካርዱን በብዙ እናቶች እጅ፣ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ አይቻለሁ። ካርዱ የማይከፍለው አውቶቡሱን፣ ጀልባውን፣ የአስታማሚውን ምግብ፣ እርሻው ያለ ሰው የሚያድርበትን አሥር ቀን ነው። ከምናሰባስበው ገንዘብ ትልቁ እጅ የሚሄደው ለዚህ ነው። ለጋሾች ይህን ስነግራቸው ቅር ይላቸዋል፤ ገንዘባቸው መስፊያ ክር ሆኖ እንዲታያቸው ይፈልጋሉ እንጂ የአውቶቡስ ቲኬት እንዲሆን አይፈልጉም።

ቡድናችን 14 ሰው ነው፤ 9ኙ ኢንዶኔዥያውያን ናቸው፣ ሁለቱም ቀዶ ሐኪሞች ከሱራባያ። የውጭ አገር ባለሙያ ያለ ፈቃድ በሽተኛ አይነካም፤ የእኔ ፈቃድ ስድስት ወር ፈጅቷል። ብዙዎች ያማርራሉ፤ እኔ ግን ተገቢ ነው እላለሁ። በ1960 እ.ኤ.አ. «ሆፕ» የተባለችው የአሜሪካ የሆስፒታል መርከብ የመጀመሪያ ጉዞዋን ያደረገችው ወደዚሁ አገር ነበር። ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ ኢንዶኔዥያዊው ቀዶ ሐኪም ሊ ዳርማዋን የእንጨት መርከብ ወደ ሆስፒታልነት ለውጦ ከደሴት ደሴት እየዞረ ሲያክም ቆይቷል። የውጭው ሰው ድርሻ እያነሰ መሄዱ ደግ ነገር ነው።

ሆላንድኛ መቻሌ እዚህ የሚያዝናና ጥቅም አለው። ነርሷ «ሱስተር» ናት፤ ፎጣ «ሐንዱክ»፣ ቢሮ «ካንቶር»፣ አያት «ኦማ»፣ አጎት «ኦም»። ሆስፒታል «ሩማ ሳኪት» ነው፣ የሕመም ቤት፤ የሆላንድኛውም ቃል ፍቺው ያው ነው።

ከቀትር በኋላ በሶኤና በኬፋሜናኑ አድርጎ እስከ አታምቡዋ በሚዘልቀው መንገድ ላይ ወዳለች አንዲት ደጋ ከተማ ወጣን። ከመንገዱ ግራና ቀኝ «ኡሜ ክቡቡ» የሚሏቸው ክብ ጎጆዎች አሉ። የእኛ አገር ጎጆ የሣር ክዳኑን እስከ መሬት ቢያወርድ ይህን ይመስላል። መስኮት የላቸውም፤ በራቸው ጎንበስ ያሰኛል፤ ጭሱ በሣሩ መሐል እየተነነ ይወጣል።

ጳጉሜን 2፣ ቅዳሜ

ምርመራ። ገና ሳይነጋ ግቢው ሞልቶ ነበር። አንዳንዶቹ ከትናንት ማታ ጀምሮ በሽመና ጨርቃቸው ተጠቅልለው አድረዋል።

እዚህ ሴትን «ማማ»፣ ወንድን «ባፓ»፣ ትንሿን ልጅ «ኖና» ይላሉ። የአገሬው ነርስ እኔን «ካካ» ትለኛለች፤ ለታላቅ እኅትም ለታላቅ ወንድምም የሚሆን ነው፣ የእኛው እትዬ።

ልጁ በቅድሚያ ይመዘናል፤ ከዚያ ከጣቱ ደም ተወስዶ ሄሞግሎቢኑ፣ የደም ማነስ መለኪያው፣ ይታያል፤ ከዚያ ወደ እኔ ይመጣል። እኔ ዘንድ የሚሠራው ቀላል ነው፤ አፍንጫውን አያለሁ፣ ደረቱን አዳምጣለሁ፤ ጉንፋን ወይም ሳል ያለበት ልጅ በሰመመን ጊዜ ትንፋሹ ሊዘጋ ስለሚችል ይመለሳል። የዱሮው የአሥር ሕግ ዛሬም ይሠራል፤ ለከንፈር ቢያንስ አሥር ሳምንት ዕድሜ፣ አሥር ፓውንድ ክብደት ማለትም 4.5 ኪሎ ገደማ፣ አሥር ሄሞግሎቢን። ላንቃ ደግሞ ልጁ አንድ ዓመት ሲጠጋው ወይም ሲሞላው ነው የሚሻለው። ሕጉ አጭር ነው፣ ልጆቹ ግን ወደ ሕጉ አይደርሱም። ላንቃው የተሰነጠቀ ሕፃን ጡት መሳብ አይችልም፤ ወተቱ በአፍንጫው ይመለሳል። በዚያ ላይ አገሩ ራሱ የተጎዳ ነው፤ በ2022 እ.ኤ.አ. በተደረገው ብሔራዊ ጥናት ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑት የዚህ ክፍለ ሀገር ልጆች 35.3 በመቶው ቀንጭረዋል፤ የአገሪቱ አማካይ 21.6 ነበር። የአንድ ዓመት ተኩል ልጅ ሚዛን ላይ ወጥቶ ስድስት ኪሎ ከምናምን ሲያሳይ ነርሷ ሚዛኑ ተበላሽቶ እንደሆነ ለማየት ራሷ ወጣችበት። አልተበላሸም።

አንዲት እናት ባሏ ነው ጥፋተኛው አለች። እርጉዝ ሆና ሳለ ዓሣ አጥምዷል፤ መንጠቆው ዓሣውን ሲይዝ የልጁንም ከንፈር ያዘው። ባልየው ጎኗ ቆሞ መሬት መሬት ያያል። ቀዶ ሐኪማችን ወንበሩን ስቦ ከሁለቱም ፊት ተቀመጠና፣ ከንፈር የሚገጥመው ከአራተኛው እስከ ሰባተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፣ ያኔ እናትየዋ ማርገዟን እንኳ ላታውቅ ትችላለች አላቸው። በዓለም ላይ ከ700 ሕፃናት አንዱ ገደማ እንዲህ ይወለዳል፤ የሁሉም አባት ዓሣ አጥማጅ ሊሆን አይችልም። ባልየው ሳቀ። እናትየዋ አልሳቀችም፤ ግን ልጁን ከጀርባዋ አውርዳ ለእሱ ሰጠችው።

ጳጉሜን 3፣ እሑድ

ሩፋኤል። እቤት ብሆን ኖሮ ዝናቡን ጸበል ነው ብለው ልጆች ደጅ ወጥተው ይጠመቁበታል። እዚህ ደረቁ ወቅት ነው፤ ሰማዩ ነጭ ነው፣ የሆስፒታሉ ውኃ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ተቋረጠ። ቦቴ ተጠርቶ መጣ፤ ሾፌሩ ቱቦውን ከጋኑ ላይ አስሮ ጥላ ሥር ተኛ።

የኦክስጅኑ የግድግዳ መውጫ ከእኛ ማሽን ቱቦ ጋር አልገጥም አለ። በፎቶ ተልኮልኝ ይገጥማል ብዬ ማረጋገጫ የሰጠሁት ራሴ ነኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ትልልቆቹን ሲሊንደሮች በቀጥታ እንጠቀም ብለን ስድስቱን ወደ ክፍሉ አስገብተን ከግድግዳው ጋር በገመድ አሰርናቸው።

ምርመራው ቀትር ላይ አለቀ። የመጡት 83። 11ዱ የሌላ ሕመም ናቸው፤ የተቃጠለና የተኮማተረ እጅ፣ እበጥ፣ ትርፍ ጣት። ወደሚመለከተው ሐኪም ተጻፈላቸው። ከቀሩት 72 ውስጥ 46 ስም ለቀዶ ሕክምና ወጣ። ሰማያዊው ደብተር ውስጥ 26። 12ቱ ጉንፋንና ሳል፣ 7ቱ የደም ማነስና የክብደት ማነስ፣ 4ቱ ገና ጨቅላ፣ 3ቱ ሐኪም በልባቸው ውስጥ የማይወደውን ድምፅ የሰማባቸው።

ከ12ቱ አንዱን ልጻፍ። ሁለት ዓመት ከአንድ ወር። 8.1 ኪሎ። ሄሞግሎቢን 8.6። ላንቃው የተሰነጠቀ። ያመጣው አጎቱ ነው፤ ሁሉም «ኦም» ይለዋል፣ እኔም ኦም አልኩት። የልጁ እናትና አባት ማሌዥያ የዘንባባ ዘይት እርሻ ላይ ናቸው። ከዚህ ክፍለ ሀገር ብዙ ሰው ወደዚያ ይሄዳል፤ ቤይሩትና ሪያድ የሄዱ እኅቶች ላሉን አዲስ ታሪክ አይደለም። ልጁ ማዳመጫዬን ይዞ ሲስል ደረቱ እንደ ወናፍ ይነፋል። ሳሉ ከመቼ ጀምሮ ነው? ኦም ትከሻውን ነቀነቀ፤ ከተወለደ ጀምሮ።

ልጁ ተወልዶ ያደገው ኡሜ ክቡቡ ውስጥ ነው። በቲሞር ተራሮች አራስ ከነሕፃኗ አርባ ቀን በዚያ ጎጆ ውስጥ፣ ከሥር ፍም ተደርጎላት ትከርማለች፤ ብርዱን ይከላከላል፣ ደሟን ያሞቃል ይላሉ። ከአርባ ቀኑ በኋላም ምጣዱም፣ የተሰቀለው የበቆሎ ዘርም፣ የሚተኛውም እዚያው ነው፤ ጭሱ ነቀዝን ያባርራል። እኔ ማን ነኝና እፈርዳለሁ? እናቴ እኔን ያሳደገችኝ በምድጃ ጥግ ነው፣ ዓይኗ በጭስ የጠፋ አክስት አለችኝ። ግን የሳንባ ነቀርሳም ሊሆን ስለሚችል አክታ መርማሪው ጋር ላክነው፤ ለደሙ የብረት ሽሮፕ ሰጠነው፣ በላዩ «ኬሎር» እንዲበላ ነገርነው። ኬሎር ማለት የእኛው ሽፈራው ነው፤ ኮንሶ ላይ እንደሚቀቀለው እዚህም ከበቆሎ ጋር ይቀቅሉታል።

ኦም የማይመለስ ሰው መስሎ አልታየኝም። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ከግቢው አልወጣም።

ደግሞ አንድ ነገር ማስተዋል የነበረብኝ ያኔ ነው፤ እስከ ማታ ድረስ ግን አላስተዋልኩትም። የኦም ጢም ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ወደ ግራ ይንጋደዳል።

ጳጉሜን 4፣ ሰኞ

ሁለት የቀዶ ሕክምና አልጋ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ልንጀምር ነበር፤ ሁለት ተኩል ላይ ጀመርን።

የመጀመሪያዋ ልጅ ሦስት ዓመቷ ነው። ጾማለች ወይ ብዬ አስጠየቅሁ። እናትየዋ አዎ አለች። ልጅቷ ደግሞ በራሷ አንደበት ሙዝ እንደበላች ነገረችን፤ እንዲያውም ሁለት። በእንዲህ ያለ ልጅ ላይ ሰመመን ቢሰጥ ሙዙ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል። የሚገርመው ቋንቋው ነው፤ እዚህ ጾም «ፑዋሳ» ይባላል፣ ለእነሱ የሃይማኖት ቃል ነው። ማማዋ ልጆች አይጾሙም ብላ ነው ያበላቻት። ለእኔም እንደዚያ ነው፤ ሰባት ዓመት ሳይሞላው ማን ልጅ ያስጾማል? ከዚያ በኋላ «ፑዋሳ» የሚለውን ቃል ትተን በሰዓት መናገር ጀመርን። ምግብ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት በኋላ የለም፤ የጡት ወተት ለሰመመኑ አራት ሰዓት እስኪቀረው፤ የስኳር ውኃ ሁለት ሰዓት እስኪቀረው። ነርሷ በትልቅ ወረቀት ላይ ሙዝ ሥላ በላዩ ቀይ መስመር አሰመረችበት። ልጅቷ ወደ ሐሙስ ተዛወረች፣ ሙዙን እያየች።

ዘጠኝ ልጆች ተሠሩ። ማታ ስወጣ ኦም ደረጃው ላይ ተቀምጦ የግሉኮስ ካርቶን በቢላዋ ይቆርጣል። የከንፈር ስፌት ያለው ልጅ እጁን ወደ አፉ እንዳይወስድ ክርኑ እንዳይታጠፍ ይታሰራል፤ ማሰሪያ ደግሞ አልቆብን ነበር። ማን እንደነገረው አላውቅም፤ ካርቶኑን በክንድ ልክ ይቆርጠዋል፣ ጠርዙን በፕላስተር ያለሰልሰዋል፣ በጨርቅ ይጠቀልለዋል። እኛ ከሆላንድ ካመጣነው ይሻላል።

ጳጉሜን 5፣ ማክሰኞ

ዘጠኝ። የሚጻፍ ብዙ የለም፤ እንዲህ ያለ ቀን ያብዛልን።

የሮማው ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ ዛሬ ዲሊ ላይ ቅዳሴ ነበራቸው። ዲሊ ከድንበሩ ማዶ፣ የቲሞር ሌስቴ ዋና ከተማ ናት። በአታምቡዋ በኩል ብዙ ሰው ስለተሻገረ ከዝርዝራችን አንድ ቤተሰብ ልጁን ይዞ ከአውቶቡሱ ጋር ሄዷል። አስተባባሪው ተናደደ። እኔ ራሴ በነሱ ቦታ ብሆን ምን እንደማደርግ ስላላወቅሁ ዝም አልኩ። ስማቸውን ሰማያዊው ደብተር ላይ ጻፍኩ፤ ምክንያት፦ ዲሊ።

መስከረም 1፣ 2017 ዓ.ም.፣ ረቡዕ

ሌሊት ተነስቼ ለራሴ እንኳን አደረሰሽ አልኩ። ነርሷ የእኛ ዘመን ገና 2017 መሆኑን ስትሰማ «እንግዲያው ካካ በሰባት ዓመት ታንሳለች ማለት ነው» ብላ ለሁሉም አወራች።

አራተኛዋ ልጅ ስምንት ወሯ ነው፤ የግራ ከንፈር። ያመጧት አያቷ፣ ኦማ ናቸው። ቅዳሜ ሳያት አፍንጫዋ ንጹሕ፣ ደረቷ ንጹሕ። ዛሬም ንጹሕ። ቀዶ ሕክምናው ሃምሳ ደቂቃ ፈጀ፣ አምሮ ተሠራ። በጉሮሮዋ የነበረውን ጎዝ አወጣሁ፣ ቆጠርኩ፣ አፏን መጠጥኩ፣ ዓይኗን ገለጠች፣ ቱቦውን ሳብኩ።

ደረቷ ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ የለም። የድምፅ አውታሮቿ ገጥመው ተዘግተዋል። ሆዷ ይነሳል፣ ከአጥንቷ ሥር ያለው ሥጋ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፣ አየር ግን አይገባም። መለኪያው የልብ ምቱን በዜማ ነው የሚነግረን፤ ኦክስጅኑ ሲወርድ ዜማው እየወፈረ ይሄዳል። ዓይኔን ወደ ቁጥሩ ማዞር አላስፈለገኝም። 98 የነበረው 91 ሆነ። ጭምብሉን ፊቷ ላይ ገጥሜ መንጋጋዋን ከጆሮዋ ሥር ወደ ፊት ገፋሁት፣ ባልደረባዬ ከረጢቱን ጨመቀ። 80። «ፕሮፖፎል» አልኩ፣ የሚያስተኛውን መድኃኒት፤ ገባ። 62። ቀይ ወረቀት የተለጠፈበት ሲሪንጅ፣ ጡንቻ የሚያላላው መድኃኒት፣ በሌላኛው ባልደረባ እጅ ከደም ሥሯ ጫፍ ላይ ተገጥሟል። «ቆይ» አልኩት። ከዚያ ከጭምብሉ ሥር እንደ ጫጩት ያለች ድምፅ መጣች። 70። ሌላ ጫጩት። 88። ከዚያ ለቅሶ፣ ሙሉ፣ የተናደደ ለቅሶ። ከአርባ ሰከንድ አይበልጥም። ቀዶ ሐኪሙ መቆንጠጫውን እንደያዘ ቆሞ ነበር፤ ጓንቱን አወለቀና ወደ በረንዳ ወጣ።

ማታ ኦማ ወደ እኔ መጡ። አፋቸው ሲሪ ፒናንግ የሚባለውን ተክል ከማኘካቸው የተነሳ ቀይ ነው፤ ቅዳሜ አንዲት አዲስ ነርስ ደም ተፍተዋል ብላ ደንግጣ ነበር። በነርሷ አፍ ነገሩኝ፤ ሕፃኗ ከሐሙስ ጀምሮ ጉንፋን ይዟት ነበር። እንዳትመለስባቸው ለቅዳሜ አጥቢያ ሌሊቱን ሙሉ በሽመናቸው ጫፍ አፍንጫዋን ሲጠርጉ አድረዋል፣ የሳል ሽሮፕም ሰጥተዋል። ባለፈው ዓመት በዚሁ ምክንያት ከነልጇ የተመለሰችው ሴት የመንደራቸው ልጅ ናት፤ ልጇ እስከ ዛሬ አልተሠራም አሉ።

ባለፈው ዓመት ደረጃው ላይ የጠየቀችኝን ሴት አሰብኩ። እሷ ትሁን ሌላ አላውቅም፤ ያን ጊዜ ስም አልጻፍኩም።

ኦማን አልተቆጣሁም። ውሸቱን የተማሩት ከእኛ ነው፤ እኛ «ሌላ ጊዜ» ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ አይተዋል። ከትንሿ ዕቃቸው ሲሪ አውጥተው ዘረጉልኝ። ወስጄ አኘክሁ፤ መራራ ነው፣ ጆሮ ያሞቃል። ነርሷ በሣቅ ልትሞት ነበር።

መስከረም 2፣ ሐሙስ

የሙዟ ልጅ በባዶ ሆዷ መጣች፣ ተሠራች። አንድ ልጅ ትኩሳት ይዞት ከዝርዝሩ ወጣ። ስለዚህ ከቀትር በኋላ የአንድ ሰዓት ጊዜ ክፍት ሆነ።

ቀዶ ሐኪሙ ወደ ደረጃው ሄዶ ከኦም አጠገብ ተቀመጠ። እኔ ዘግይቼ ያየሁት ነገር ለእሱ ከቅዳሜ ጀምሮ ታይቶታል፤ ጢሙ የሸፈነው የተሰነጠቀ ከንፈር ነው። ኦም 43 ዓመቱ ነው። በማደንዘዣ ብቻ፣ ሳትተኛ፣ ዛሬውኑ ልሥራልህ አለው። ኦም ካርቶኑን መቁረጥ አላቆመም። «የመጣሁት ለልጁ ነው። ልጁ ተመልሶ እኔ ተሠርቼ ብገባ መንደር ምን ይለኛል?»

ክርክሩ ግማሽ ሰዓት ፈጀ። ያሸነፈችው ነርሷ ናት፤ ልጁ በሚቀጥለው ጊዜ እንዳይፈራ አስቀድሞ የሞከረ ሰው ቢኖረው አይሻልም ወይ አለችው። ከዚያ ደግሞ ሌላ ችግር፤ ጢሙ ይላጫል ሲባል ተነሥቶ ሄደ፣ ግቢውን ዞሮ ተመለሰ።

አልጋው ላይ እጄን ያዘኝ፤ መዳፉ እንደ ዛፍ ቅርፊት ሻካራ ነው። ሐኪሙ በመርፌ ጫፍ ቀለም ነካ እያደረገ ከንፈሩ ላይ ነጥቦች አስቀመጠ። አሠራሩን ያወጣው በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ኮሪያ የነበረው ራልፍ ሚላርድ ነው፤ ወደ ላይ የተጎተተውን ወገን አዙረው ያወርዱታል፣ በተከፈተው ቦታ ሌላውን ወገን ያስገቡበታል። ሚላርድ ሥራውን ቆርጠህ እየሄድክ የምታስተካክለው እንዲሆን ነበር የፈለገው፤ ልብስ ሰፊ እንደሚያደርገው። ማደንዘዣውን ወጉት፤ ከውስጡ ያለው አድሬናሊን ደም ሥሮቹን እስኪያጠብ አሥር ደቂቃ ያህል ጠበቅን። ቀዶ ሐኪሙና ኦም ስለ በቆሎ ዋጋ አወሩ፤ ከዚያ ኦም ማውራት አልቻለም።

መስታወት ሰጠነው። ረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ በከንፈሩ ጫፍ የጠየቀው ሲሪ ፒናንግ መቼ ማኘክ እንደሚችል ነው።

መስከረም 3፣ ዓርብ

የመጨረሻው ቀን ስምንት ልጆች። ድምሩ 44 ልጆችና አንድ ኦም።

ከሪፖርቱ ላይ ለጋሾች የሚያዩት 45ን ነው። የትኩሳቱን ልጅና ዲሊ የሄደውን ጨምሮ ሰማያዊው ደብተር 28 ሆኗል። ትናንት ማታ ከአስተባባሪው ጋር ተጣላን፤ 28ቱ በሪፖርቱ ይግቡ አልኩ፣ እሱ ድክመት ያስመስላል አለ። በመጨረሻ የሱራባያው ሐኪም ጣልቃ ገብቶ፣ በኅዳር እኔ ብቻዬን አንድ ሰመመን ሰጪ ከኩፓንግ ይዤ እመለሳለሁ፣ የአውሮፕላኑን ቲኬት ብቻ ክፈሉልኝ አለ። ክርክሩ በዚያ አለቀ። የደብተሩን አንድ ቅጂ ለነርሷ ሰጠኋት፤ ዋናውም ከእሷ ዘንድ ይሁን ብዬ ኋላ ለወጥኩት፣ ቅጂውን እኔ ይዤ ሄድኩ።

ኦም የሠራው 60 የክንድ ማሰሪያ ተርፎ መጋዘን ገብቷል።

ኅዳር 6፣ ሮተርዳም

የሐኪሙ ጉዞ ተሰረዘ። ፍሎሬስ ላይ ሌዎቶቢ ላኪ ላኪ የተባለው እሳተ ገሞራ ጥቅምት 24 ሌሊት ፈንድቶ ሰው ሞቷል፤ ከዚያም አመዱ ሰማዩን ይዞ ባሊ ላይ እንኳ ብዙ በረራዎች ተሰርዘዋል። ነርሷ ለ28ቱም አዋላጆች እየደወለች መቅረቱን ተናግራለች። የደወለችው እሷ መሆኗ ይቆጨኛል፤ ለሦስተኛ ጊዜ «ሌላ ጊዜ» ያለች እሷ ናት።

ጥር 18፣ ሮተርዳም

ሐኪሙ ሄደ። ዝናቡ ስለገባ ሁለት መንገድ ተቆርጦ ነበር። ከ28ቱ 21 ተገኙ፤ 16 መጡ፤ 13 ተሠሩ፤ ሦስቱ አሁንም ሳል ስላለባቸው ተመለሱ። ዲሊ የሄደው ቤተሰብ ከመጡት የመጀመሪያው ነበር።

የኦም ልጅ 9.4 ኪሎ፣ ሄሞግሎቢን 10.8። አክታው ንጹሕ ነው ተብሏል። ኦም ከመስከረም ጀምሮ ልጁን ከኡሜ ክቡቡ አውጥቶ ከጎኑ ባለው የቆርቆሮ ቤት ያስተኛዋል፤ ብርድ ስለሆነ ራሱም አብሮት ይተኛል፣ ሚስቱ እህሉን ትጠብቅ ብሎ። ላንቃው ማክሰኞ ተሰፋ። መናገር ገና መማር አለበት፤ የንግግር ባለሙያ ደግሞ በቅርብ የለም፣ ይህን ለብቻው እጽፋለሁ።

ነርሷ ፎቶ ላከችልኝ። ልጁ ሁለት ክንዱ በግሉኮስ ካርቶን ታስሮ፣ ኩርፊያውን ለካሜራው እያሳየ ከኦም ጭን ላይ ተቀምጧል። ኦም ጢሙን መልሶ አሳድጎታል። አሁን ግን ወደ ግራ አይንጋደድም።

15 ስም ወደ አዲሱ ገጽ ተዛውሯል።